መጀመሪያ የውሸቱን ዶላር

ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ድሮ ስንጻጻፍ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብለን ነበር የምንጀምረው። አሁንም ያው ነው። ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው። አንቺ ደብረ ብርሃን፣ እኔ ኮዬ ፈጬ። ጠዋት የተነሳ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ግን ይኸው ዝም እንደተባባልን ስንት ክረምት አለፈ። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ለጊዜው እንተወው፤ በአካል ስንገናኝ እንጣላበታለን።

የድምፅ መልእክትሽን ሰማሁት። የውሸት ዶላር እየሰጡ ክሪፕቶ፣ ማለትም እንደ ቢትኮይን ያለውን የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ትሬድ የሚያስወዳድሩ አሉ፣ ልግባበት ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ከዚያ ድምፅሽን ቀነስ አድርገሽ የዕቁብ ተራሽ እንደደረሰ ነገርሽኝ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ለምን እንዳወራሻቸው አልጠፋኝም። በቴሌግራም ሁለት መስመር ጽፌ የምገላገለው ነገር ስላልመሰለኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ግቢ። ዕቁቡን ግን እንዳትነኪው።

እኔን ያስገቡኝ የታችኛው ፎቅ ልጆች ናቸው። እዚሁ አጠገባችን ካለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ፣ ቤት በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ። ቡና ሳፈላ ሽታው ይጠራቸዋል። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ የዋጋ መውጣት መውረዱን የሚያሳየው ቻርት ላይ አፍጥጠው ይከራከራሉ። እኔም ቀስ በቀስ ገባሁበት። አሁን ውድድር ሲኖር እመዘገባለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ሰፈር ላይ እጨርሳለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ሀምስተር የሚባለውን የቴሌግራም ጨዋታ ትዝ ይልሻል አይደል? በ2016 ክረምት ታክሲ ውስጥ ሁሉም ስልኩን ሲደበድብ የነበረው። ሳንቲሙ፣ ማለትም የጨዋታው ክሪፕቶ፣ ገበያ የወጣው በ2017 ልክ የደመራ ዕለት ነበር፤ ብዙ ሰው ለወራት ደክሞ የጥቂት ዶላር ነገር ነው የደረሰው። አሁን የምትጠይቂኝ ከዚያ ይለያል። አዘጋጁ ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል የውሸት ዶላር ያድላል። ዋጋው ግን የእውነት ነው፤ ቢትኮይን በዚያች ደቂቃ ገበያ ላይ የሚሸጥበት። ትገዢያለሽ፣ ትሸጫለሽ፣ ጊዜው ሲያልቅ ብዙ ያተረፈ ያሸንፋል።

ከመመዝገብሽ በፊት ተለማመጂ። ትሬዲንግቪው የሚባል የቻርት አፕ አለ። በነፃ አካውንት ከፍተሽ ፔፐር ትሬዲንግ የሚለውን ስትመርጪ 100,000 የውሸት ዶላር ይሰጥሻል። በዚያ አትለማመጂ፤ ብዙ ገንዘብ እጅ ያበላሻል። መጠኑን መቀየር ይቻላል። የምትገቢበት ውድድር በ10,000 የሚጀመር ከሆነ አንቺም በ10,000 ጀምሪ። ባይቢት የሚባለው የክሪፕቶ መገበያያም ዴሞ የሚባል የመለማመጃ ክፍል አለው፣ ልጆቹ እሱን ነው የሚወዱት።

ቀጥሎ ደንቡ። ሰው ደንብ ማንበብ አይወድም፣ ግማሹ ተወዳዳሪ የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ የምታዪው አሸናፊው በምን እንደሚለይ ነው። ክሪፕቶ መገበያያዎች «የትሬዲንግ ውድድር» ብለው የሚያወጡት ብዙው በውሸት ዶላር አይደለም፤ በገዛ ገንዘብሽ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ደረጃ የሚሰጠው ባተረፍሽው ሳይሆን ባገላበጥሽው መጠን ነው። ብዙ በገዛሽና በሸጥሽ ቁጥር ደረጃሽ ይወጣል፣ ኮሚሽኑም ለእነሱ ይገባል። እንዲህ ዓይነቱን ስታዪ ዝጊው። የምትፈልጊው መግቢያው ነፃ የሆነ፣ ገንዘቡ የውሸት የሆነ፣ በትርፍ ፐርሰንት የሚያወዳድር ነው።

ከዚያ የየትኛው አገር ሰው ሽልማት መውሰድ እንደሚችል አረጋግጪ። 18 ዓመት መሙላት የተለመደ ነው፣ ለሽልማት መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ በትክክለኛ ስምሽ ተመዝገቢ። በባልሽ ስልክ ሁለተኛ አካውንት ልክፈት ብትዪ ሁለቱንም ይሰርዙብሻል። ትንሹ የግዢ ብዛት ስንት ነው፣ ስንት ፐርሰንት ከወረድሽ ትባረሪያለሽ፣ የትኞቹ ሳንቲሞች ይፈቀዳሉ፤ ይሄ ሁሉ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ሰዓቱን ለብቻው ልንገርሽ። ውድድሩ ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። 00:00 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ 12:00 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት። ከልጆቹ አንዱ 12 ሰዓት የሚለውን አይቶ ማታ 12 መስሎት፣ ቡናውን ጠጥቶ ተረጋግቶ ሲከፍተው ውድድሩ ካለቀ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። እስከዛሬ ስሙ «አሥራ ሁለት» ነው።

አሁን አንድ ግዢ ቁጭ ብለን አብረን እንሥራ። 10,000 አለሽ እንበል። በአንድ ግዢ ከ1 ፐርሰንት በላይ፣ ማለትም ከ100 ዶላር በላይ፣ ላለማጣት ወስነሻል። ቢትኮይን 60,000 ላይ ልትገዢ ነው። 58,800 ከወረደ ግምቴ አልሠራም ብለሽ ትወጫለሽ። ልዩነቱ 2 ፐርሰንት ነው። የስንት ዶላር ብገዛ ነው 2 ፐርሰንቱ 100 የሚሆነው? የ5,000። ስለዚህ የምትገዢው የ5,000 ብቻ ነው፣ ግማሹ ተቀምጦ ይዋል። ይህን ስሌት ሳትሠሪ ግዢ የሚለውን ቁልፍ እንዳትነኪ። ልጆቹ ያሾፉብሻል፣ ቀርፋፋ ነሽ ይሉሻል። ሂሳብ ስትሠሪ የማውቅሽ እኔ ነኝ፤ ከእነሱ ትፈጥኛለሽ።

እንደገዛሽ ወዲያው 58,800 ላይ ስቶፕ ሎስ አስገቢ። ዋጋው እዚያ ሲደርስ ራሱ ይሸጥልሻል። ትእዛዙ የሚቀመጠው ስልክሽ ውስጥ አይደለም፣ በእነሱ ሰርቨር ላይ ነው። ለእኛ ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ የሞባይል ዳታውም ያነክሳል። ውሃ የመጣ ቀን ደግሞ ጄሪካን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ነው የምውለው፣ ቻርት የሚያይ ማን አለ? ስቶፕ ሎሱ ካለ እኔ ባልኖርም ይጠብቅልኛል።

ሌቨሬጅ የሚሉት ደግሞ አለ። በ1 ዶላርሽ የ10 ዶላር ያህል ትገዢያለሽ ማለት ነው። ትርፉም በ10 ይባዛል፣ ኪሳራውም። በ10 እጥፍ ከያዝሽ ዋጋው 10 ፐርሰንት ያህል ሲወርድብሽ፣ እንዲያውም ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ያስያዝሽው ሙልጭ ይላል። ቢትኮይን ግንቦት 11 ቀን 2013 በአንድ ቀን ውስጥ 30 ፐርሰንት ገደማ ወርዶ ነበር። በ5 እጥፍ የያዘ እንኳን አልተረፈም።

እንግዲህ ስለ አሸናፊዎቹ። ገንዘቡ የውሸት ስለሆነ መክሰር አያምም። ስለዚህ ብዙው ተወዳዳሪ ያለውን ሁሉ በከፍተኛ ሌቨሬጅ በአንድ ሳንቲም ላይ ይጥላል። ከሠራለት አናት ላይ ይወጣል፣ ካልሠራለት ተኝቶ ያድራል። አሥር ጊዜ ሳንቲም ወርውረሽ አሥሩንም በትክክል የመገመት ዕድልሽ ከ1,024 አንድ ነው። ግን ብዙ ሺህ ሰው አብሮሽ ሲወረውር አንዱ አሥሩንም መምታቱ አይቀርም። ያ ሰው ነው ሰንጠረዡ አናት ላይ የምታዪው። ብልጥ ሊሆን ይችላል፣ ዕድለኛም ሊሆን ይችላል፤ ከሰንጠረዡ መለየት አይቻልም። በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቶ በወር ክፍያ «ሲግናል»፣ መቼ ግዙ መቼ ሽጡ የሚለውን ምክር፣ መሸጥ ይጀምራል። እንዳትገዢ።

ልጆቹ በዚህ አይስማሙም። ሽልማት የሚፈልግ ሰው መቆመር አለበት ይላሉ፣ በተለይ በመጨረሻው ቀን። እውነታቸውን ነው፣ ለሽልማቱ ከሆነ። የውሸት ገንዘብ ነው፣ ይቆምሩበት። እኔን የሚያስፈራኝ በውድድር የለመደ እጅ ነገ በእውነት ገንዘብም ያንኑ ማድረጉ ነው። ስለዚህ አንቺ ደረጃሽን ተይውና ሌላ ቁጥር ተከታተይ፦ ከደረስሽበት ከፍታ ስንት ፐርሰንት ወረድሽ? 20 ፐርሰንት የወረደ ሰው ለመመለስ 25 ማትረፍ አለበት። 50 የወረደ 100። ውድድሩ ሲያልቅ ይህ ቁጥርሽ ከ10 ካልበለጠ፣ ሺኛም ብትወጪ ለእኔ አንደኛ ነሽ።

የውሸቱ ገበያ የማያሳይሽ ነገርም አለ። ብዙ ጊዜ ያየሽውን ዋጋ ያለ ክርክር ይሰጥሻል። እውነተኛው ገበያ ላይ ትንንሾቹን ሳንቲሞች በርከት አድርገሽ ስትሸጪ በዚያ ዋጋ ከአንቺ የሚገዛ አይገኝም፣ ዋጋው አንቺ ራስሽ ስትሸጪ ይወርዳል። ኮሚሽኑንም አንዳንዱ ውድድር ጭራሽ አይቆጥረውም። መገበያያዎቹ ለጀማሪ 0.1 ፐርሰንት መውሰዳቸው የተለመደ ነው፣ ስትገዢም ስትሸጪም። በ10,000 በቀን አሥር ጊዜ ገብተሽ ብትወጪ 200 ዶላር ለእነሱ ብቻ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ትርፌ ነው ብለሽ ከመዝለልሽ በፊት ደብተር ላይ ኮሚሽኑን ራስሽ ቀንሺ።

አጭበርባሪዎቹን በአጭሩ። የመግቢያ የሚያስከፍል ካለ ተይው። «አሸንፈሻል፣ ሽልማቱን ለማውጣት 50 ዶላር ላኪ» የሚል ሌባ ነው። የዋሌትሽን፣ ክሪፕቶ የምታስቀምጪበትን አፕ፣ 12 ወይም 24 የሚስጥር ቃላት የሚጠይቅ ደግሞ ዓይን አውጣ ሌባ ነው፣ ወንድሜ ነኝ ቢልሽም አትስጪ። ስልክሽ ላይ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥርም እንዲሁ።

ሕጉንም እወቂው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን፣ ክሪፕቶ ለክፍያ እንዲውል እንዳልፈቀደ አስጠንቅቋል። ችግር ቢገጥምሽ ሄደሽ የምትከሺበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። በውሸት ዶላር ስትወዳደሪ ይሄ ብዙም አያሳስብሽም። ዕቁቡን ይዘሽ ስትገቢ ግን ያሳስባል፣ በጣም።

ለዕቁቡ ደግሞ ሐሳብ ያጣሽ አስመሰልሽው እንጂ ራስሽ ነግረሽኛል። ለሆቴሎቹ የምታቀርቢው እንጀራ በአንድ ምጣድ አልበቃ ብሎሻል። ሁለተኛውን ምጣድ ግዢበት። የምጣዱን ዋጋ እዚህ መርካቶ ጠይቄ እልክልሻለሁ፣ እዚያ ካለው ጋር አስተያዪው።

የምትገቢበትን ውድድር ስታገኚ ደንቡን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ሳላየው እንዳትመዘገቢ። አብረን እንግባ፣ ማታ ማታ እየተደዋወልን የገዛነውን እናወራለን። ከአንቺ ብበልጥ ግን ቡናው በአንቺ ነው፣ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቼ እጠጣለሁ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርሺ።

የሁልጊዜ እህትሽ፣
ከኮዬ ፈጬ