ሐኪም ነው ወይስ ወጌሻ ላልከኝ

ይድረስ ለውድ አባዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት፣ ኪርክስቪል በረዶ ጀምሯል።

እሁድ በስልክ የጠየቅከኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። «ልጄ፣ ይኼ ትምህርት ቤት የሚያስመርቅሽ ሐኪም ነው ወይስ የተማረ ወጌሻ?» አልከኝ። መስመሩ ሲቆራረጥ በወጉ ሳልመልስልህ ቀረሁ።

ሐኪም ነው አባዬ። መድኃኒት አዛለሁ፤ ቀዶ ጥገና ልማር ካልኩም እችላለሁ። ከስሜ ቀጥሎ የሚጻፈው ግን እንደ ብዙዎቹ ሐኪሞች ኤም.ዲ. (የሕክምና ዶክተር) ሳይሆን ዲ.ኦ. (የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ዶክተር) ነው። በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ እዚህ አገር ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሰጠው ሥልጠና ለሁለቱም አንድ ሆኗል። እኛ በላዩ ላይ በእጅ መመርመርና በእጅ ማከም እንማራለን።

ወጌሻ ማለትህ ግን አላስከፋኝም። የኦስቲዮፓቲ መሥራች አንድሪው ቴይለር ስቲል ራሱ በአንድ ወቅት «መብረቁ ወጌሻ» እየተባለ ነበር የሚሠራው። በፈረንጆቹ 1864 ካንሳስ ውስጥ ሦስት ልጆቹን ማጅራት ገትር ወሰደበት። ማጅራት ገትር ምን እንደሆነ ላንተ አላስረዳም፤ ታናሽ ወንድምህን ያጣኸው በእሱ ነው። ስቲል ሐኪም ነበር። ባልደረቦቹም መጥተው የቻሉትን ሞክረዋል። የዚያ ዘመን መድኃኒት ደግሞ ሜርኩሪ ያለበት ካሎሜልና ኦፒየም ነበር። ልጆቹን የሚያተርፍለት አላገኘም። ትምህርት ቤታችን የተወለደው ከዚያ ለቅሶ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ለዓመታት አጥንትና ጡንቻ ሲያጠና ኖረ።

በ1892 እዚሁ ኪርክስቪል ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ሁለት ክፍል ያላት የእንጨት ቤት ነበረች። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች፤ ሳሎናችንንና ያንተን መኝታ ቤት አንድ ላይ ብታደርጋቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሃያ ምናምን ቢሆኑ ነው፤ ሴቶችም ነበሩባቸው። በዚያ ዘመን! የሚዙሪ ግዛት በሰጠችው ፈቃድ ኤም.ዲ. ብሎ ማስመረቅ ይችል ነበር። እሱ ግን ዲ.ኦ. ይሁን አለ።

ያለው ሁሉ ልክ ነበር አልልህም። መድኃኒትን ከመጠን በላይ ጠልቷል፤ በሽታን ሁሉ ከአጥንት መዛነፍ ጋር ማያያዝም ይቃጣው ነበር። ዛሬ እንደዚያ አንማርም፤ እንዲያውም እንቅልፍ የሚነሳኝ የመድኃኒት ኮርሱ ነው። ከእሱ የቀረልን ሰውን ሙሉውን የማየት ነገር ነው። ወገቡን ያመመውን ሰው ወገቡን ብቻ ነክተህ አትሸኘውም። አረማመዱን ታያለህ፣ ሥራውን ትጠይቃለህ፣ አተነፋፈሱን ታዳምጣለህ።

በ1962 ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙ ዲ.ኦ.ዎች 65 ዶላር ከፍለው ኤም.ዲ. የሚል ወረቀት ወሰዱ። ያው እጅ፣ ያው ሰው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የፊደሉ ነገር ቀለለኝ፤ አንተም እንዲቀልህ ብዬ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ የሠራነውን ልንገርህ። አንዲት የፀጉር ዘለላ ወረቀት ሥር ታስቀምጣለህ። ዓይንህን ጨፍነህ በጣትህ ትፈልጋታለህ። ስታገኛት አንድ ወረቀት ትጨምራለህ፤ ከዚያ ሌላ። አራተኛው ላይ ጠፋችብኝ። ጣቴን ባልጫን ኖሮ አገኛት ነበር፤ ስትጫን ነው የምትጠፋው። ያኔ ከአጥር ላይ ወድቄ እጄን የያዙልኝ ወጌሻ ትዝ አሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳይጫኑ፣ ዝም ብለው ነበር የዳሰሱኝ። እኔ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር።

ግን ያን የሰፈራችንን ልጅም አልረሳሁትም። የታሰረለት እንጨት ጠብቆ ደም አላሳልፍ ብሎ እጁ ተቆረጠ። እጅ ብቻውን አይበቃም አባዬ። ራጅ ማንበብና የደም ሥሩን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መቼ ቶሎ ወደ ሆስፒታል እንደሚላክም ጭምር። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስተምረኝን ፈልጌ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት።

ጉልበትህን ባለፈው የተነሳኸውን ራጅ መስኮት ላይ ለጥፈህ ፎቶ አንሳና በቴሌግራም ላክልኝ። ደረጃ ስትወጣ ነው የሚያምህ ስትወርድ? እሱንም ጻፍልኝ። ለጥምቀት ስመጣ ራሴ እዳስሰዋለሁ። ለእማዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ልጅህ