ስላልጨረስሽው «አደፍርስ»

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ እናቴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱ ትንሽ ተሽሎታል። ወንድምሽ ፈተና ስለደረሰበት ስልኩን ወስጄበታለሁ፤ ለዚህ ነው መልእክትሽን የማይመልሰው።

ባለፈው ስትደውዪ ስለ ንባብ ክበባችሁ ያጫወትሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። «አደፍርስ»ን ግማሽ ላይ ተውኩት ስትዪ ሳቁብሽ። «ዴርቶጋዳ»ን ወድጄዋለሁ ስትዪ ደግሞ እርስ በርስ ተያዩ። አሁን እዚያ ስትሄጂ ዝም ብለሽ ቁጭ እንደምትዪ ነገርሽኝ። ይሄ ነው ያናደደኝ። በስልክ ተጣድፌ ከማወራሽ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። እኔ የሥነ ጽሑፍ ምሁር አይደለሁም። መዝገብ ቤት እየሠራሁ፣ ልጆች እያሳደግሁ፣ ማታ ማታ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን የወደድኩትንና ያልወደድኩትን መጽሐፍ ለይቼ አውቃለሁ። ያንን ለመናገር ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም፤ አንቺንም አያስፈልግሽም።

በ«አደፍርስ» ልጀምር። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያወጣው ነው። ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ከባድ አይደለም የሚልሽን አትመኚው። ደራሲው እጅሽን ይዞ አያስገባሽም። ሰዎቹ ይከራከራሉ፣ ይተርታሉ፣ ይመራረቃሉ፤ ታሪኩን ከወሬያቸው ውስጥ ለቅመሽ የምታወጪው አንቺ ነሽ። የደብረ ሲና አካባቢ አነጋገር ሳይላላ እንዳለ ነው የገባው። እኔ የጠቀመኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበቡ ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ ሲናገሩ በዓይን ብቻ ካነበብሽው ቃላቱ ይደራረቡብሻል፤ በአፍሽ ስትዪው ግን ሴትዮዋ ከነነጠላቸው ፊትሽ ይቀመጣሉ። እንደዚህ ሞክሪው። አሁንም ካልገባልሽ መደርደሪያው ላይ መልሺው። መጽሐፍ ነው፣ ዕዳ አይደለም። አንቺ አልገባሽም ማለት መጽሐፉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ አንቺ ሰነፍ ነሽ ማለትም አይደለም።

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ረጅም ነገር አለኝ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ጀምሮ ሁሉም ሰው በአንድ አፍ ያመሰግነዋል። ብዙው ሰው ደግሞ ያወቀው አንብቦ ሳይሆን በሬዲዮ ሰምቶ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው ሰፈሩ ጸጥ ይል ነበር። ያ ድምፅ ጆሮሽ ውስጥ ካለ መጽሐፉ የሚጎተትበት ቦታ አይታወቅሽም። አንቺ ግን ያለ ወጋየሁ ነው ያነበብሽው። ስለዚህ መጎተቱን አየሽው፤ ያየሽው ደግሞ እውነት ነው። መግቢያው ላይ ዋናው ሰው በዛብህ ተወልዶ እስኪያድግ ድረስ ብዙ ያስጠብቃል። ሥርዓቱን የሚተቸው የጉዱ ካሣ ንግግሮች አንዳንዴ ስብከት ይሆናሉ። የሚናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ትክክል መሆኑን ካወቅን በኋላም ግን መናገሩን አያቆምም።

የምወደውን ልንገርሽ። ፊታውራሪ መሸሻን እወዳቸዋለሁ። እንደ ሰው አይደለም፤ እንደ ተጻፉበት አጻጻፍ ነው። ዘር ቆጥረው ለልጃቸው ለሰብለ የሚመጥን ባል አጡላት፤ ልጅቷ ቤት ውስጥ ዕድሜዋ አለፈ። ገበሬው አልገብርም ሲል ደግሞ ክብሬ ተነካ ብለው ይዘምቱበታል፤ ገበሬው ማረካቸው። ሀዲስ እዚህ ላይ አንዲት የስድብ ቃል አይጠቀሙም። ሰውየው እንደ ልባቸው እንዲናገሩ፣ እንዲፎክሩ፣ እንዲታበዩ ይተዉአቸዋል፤ ያ ሥርዓት በራሱ አፍ ሲፈርድበት ትሰሚያለሽ። ጉዱ ካሣ በብዙ ገጽ የሚለውን ፊታውራሪ አንድ ጊዜ ፎክረው ያስረዱሻል። ይህን ምዕራፍ ካነበብሽ በኋላ የጉዱ ካሣን ንግግር ብትዘዪ እኔ አልቀየምሽም።

መጨረሻው ላይ አለቀስኩ። ግን ስነግርሽ፣ መንገድ ላይ የሆነው ግጥምጥሞሽ ይበዛል። ሰብለ የምትወደውን በዛብህን ስትፈልገው ኖራ፣ የምታገኘው ሊሞት ሲል ነው። ይህንኑ ዛሬ በተከታታይ ድራማ ብናየው «አበዙት!» ብለን ቻናል እንቀይር ነበር። እኔ አበዙት አልልም፤ እንባዬም አላሳፈረኝም። እኔ የምለው፣ በትልቅ መጽሐፍ ላይ «ጥልቅ ሐዘን» የሚባለው ነገር በኪስ መጽሐፍ ላይ ሲመጣ «ርካሽ» መባሉ ትክክል አይደለም ነው። መለኪያው አንድ ይሁን።

ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት ነው፤ ብዙ ሰው «ጦቢያ» ይለዋል። እዚያ ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰብለም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው ከአባቷ ቤት የምትወጣው። ሁለቱም ሴት ሆነው መንገድ መውጣት አልቻሉም። ክበባችሁ ውስጥ ይህን ብታነሺው ብዙ ያወያያል። እኔ በበኩሌ ሰብለ ስታመነታ የምታልፍባቸው ገጾች እንዲያጥሩ፣ መንገዱ ላይ ያለፈችበት ደግሞ እንዲረዝም እመኝ ነበር። ፍርሃቷን፣ እግሯን፣ ያደረችበትን ቤት ማየት ፈልጌ ነበር።

ወደ «ኦሮማይ» ልለፍ። ይህኛው ላይ ሳይሳቁብሽ አይቀሩም፤ ግን ልናገር። «ኦሮማይ» የስለላ ልብ ወለድ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ሲያወጣው ደርግ ኤርትራ ውስጥ ስላካሄደው ቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው የጻፈው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደ ታሪክ ሰነድ ያየዋል። ግን እስቲ ከፍተሽ እዪው። ሰላይ አለ። አስመራ አለች፣ ከነሆቴሏ ከነመጠጧ። አዲስ አበባ የቀረች እጮኛ አለች፣ ሮማን። አስመራ ላይ የተገኘች ሴት አለች፣ ፊያሜታ። ወሬው ከማን አፍ እንደሚወጣ ሳታውቂ ምዕራፉ ያልቃል። እንቅልፍ የሚነሳ መጽሐፍ ነው። አንዴ ከጀመርሽው ሽሮው እስኪያርር ትረሺዋለሽ። ሰው ለዚህ ነው ያነበበው። ከገበያ ሲሰበሰብ እንኳ በጋዜጣ ሸፍኖ እየተዋዋሰ ያነበበው መጽሐፉ ስለሚስብ ነው፤ መሳቡ ደግሞ እውነቱን ይዞ ሰው ቤት ገባ። በዓሉ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን ሳስብ መጽሐፉን እንደ ተራ ነገር ልይዘው አልችልም። ግን «የስለላ ልብ ወለድ» ማለት ስድብ አይደለም። በዓሉ ያን ዓይነት አጻጻፍ ባይመርጥ ኖሮ ያን ያህል ሰው ጋ ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም።

ቅሬታዬ ፊያሜታ ላይ ነው። ስለ ቁንጅናዋ፣ ስለ አነጋገሯ ብዙ ይባላል። ግን ሁሉም ነገር በተራኪው በፀጋዬ ዓይን ነው። ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታስብ አላውቅም። ሮማንም እንደዚያው።  ወንዶቹ አንባቢዎች ይህን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን «ዴርቶጋዳ»። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ሲያወጣው ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ የትም ብትሄጂ ወጣቱ እሱን ይዞ ነበር። የጣና ገዳማት፣ የረቀቀ ቴክኖሎጂ፣ የውጭ ሰላዮች፣ ሁሉም አንድ ላይ። ይጎትትሻል፤ እውነት ነው። የማልወድለትን ልንገርሽ፤ ሰዎቹ ሲናገሩ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሽማግሌው፣ ሐኪሙ፣ መነኩሴው በአንድ ድምፅ ነው የሚያወሩት። ድርጊቱ ይሮጣል፣ ሰው ግን የለም። ሁለተኛ ሳነበው ምስጢሩን ስለማውቀው የሚይዘኝ ነገር አጣሁ። «ኦሮማይ»ን ደግመሽ ብታነቢ ግን ሰላዩ ማን እንደሆነ እያወቅሽም ያስጨንቅሻል። ልዩነታቸው ለእኔ ይሄ ነው፤ አንዱ ቁም ነገር ሌላው ቀልድ ስለሆነ አይደለም። ግን «ዴርቶጋዳ»ን ወድጄዋለሁ ያልሽው አያሳፍርም። መጽሐፍ ይዞ የማያውቅ ስንት ልጅ በእሱ ነው ማንበብ የጀመረው።

ከትርጉም የአሜሪካዊቷን የማርጋሬት ሚቼልን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ሳታነቢ እንዳትቀሪ። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፣ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው። ብጥስጣሹ ወረቀት ከእስር ቤት በድብቅ ወጥቶ በኋላ መጽሐፍ ሆነ። አማርኛው ደግሞ ትርጉም አይመስልም፤ ዋናዋ ባለታሪክ ስካርሌት ስትቆጣ ሰፈራችን ውስጥ የማውቃት ሴት ነው የምትመስለኝ። ራስ ወዳድ ናት፣ ግትር ናት፣ ግን ረሀብን ተጋፍጣ ቤተሰቧን ያኖረች ናት። ስለ አሜሪካ ባሪያዎች ግን መጽሐፉ ይዋሻል። ማርጋሬት ሚቼል በባርነት የሚኖረውን ሰው ደስ ብሎት የሚያገለግል አድርጋ ነው የሣለችው። እዚያ ላይ ስትደርሺ ቀስ በዪ፤ አማርኛው ጣፋጭ ስለሆነ ውሸቱ ሳይታወቅሽ ያልፋል።

አዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» ላይ አትጀምሪ። ከአጫጭር ታሪኮቹ ጀምሪ። ሽታ፣ ምግብ፣ የግቢ ወሬ እንደ እሱ የሚጽፍ የለም። ረጃጅሞቹ ላይ ግን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይጠፋኛል፤ አንዳንዱን ገጽ ለአረፍተ ነገሩ ብቻ ነው የማነበው።

«ሰመመን»ን ወስደሽብኛል፤ ገጹ የተገነጠለውን ማለቴ ነው። የሲሳይ ንጉሡን አቤልን ስንቱ ተማሪ ራሱን አይቶበታል። ትዕግሥትን እያያት ሳይናገር የሚያልፈው ጊዜ ያስመርራል፤ ግን ዩኒቨርሲቲ ሆነሽ ስለምታነቢው አንቺ ከእኔ በተሻለ ትፈርጂበታለሽ።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተናገሪ። «ወደድኩት» ብቻ አትበዪ፤ የት ገጽ ላይ እንደያዘሽ፣ የት ላይ እንደለቀቀሽ ንገሪያቸው። እሱን ካልሽ የሚስቅ ሰው የሚመልሰው ያጣል። የሚመልስ ካለም ደግ ነው፣ ስሚው።

በርበሬና ሽሮ ልኬልሻለሁ፤ «ኦሮማይ»ም ከመሃሉ አለ። በስልክ ጉዱ ካሣ ከሁሉም ይበልጣል ብለሽኝ ነበር። እኔ ሰብለ ናት እላለሁ፤ እሱ ተናገረ፣ እሷ ሄደች። ምን ትዪኛለሽ? ጻፊልኝ።

እናትሽ