«ምን ልታደርግ ሄድክ?» ላልሽው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ በርበሬና ሽሮ ልካልሻለች።

ባለፈው በስልክ «አንተ ደግሞ እነዚያ ሰዎች ዘንድ ምን ልታደርግ ሄድክ?» ብለሽ ስትስቂብኝ መልስ አልሰጠሁሽም። የጋበዙኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ እባብ ያለበትን ቢጫ ባንዲራ በረንዳቸው ላይ የሚሰቅሉት ጡረተኛ። ስብስባቸው ቲ ፓርቲ ይባላል፤ «ቲ» ሻይ ማለት ነው። ስሙ በፈረንጆቹ 1773 ቦስተን ወደብ ላይ የእንግሊዞችን ሻይ ባሕር ውስጥ ከጣሉት ሰዎች የተወረሰ ነው። የአሁኖቹ በፈረንጆቹ 2009 የተነሱት መንግሥት ግብራችንን ለከሰሩ ባንኮችና ለባለዕዳዎች ይበትናል ብለው ነው።

እኔ ስብሰባ ሲባል ሆዴን ይቆርጠኛል። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ይያዝ ነበርና፣ ዛሬም ቢሆን የምቀመጠው በሩ አጠገብ ነው። አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሽበታሞች። ጸልየው፣ ለባንዲራው ቃል ገብተው ጀመሩ።

ጥርጣሬዬን ይዤ ሄድኩ፤ ይዤውም ተመለስኩ። አንዲት ሴት መንግሥት በሕክምና ለምን ይገባል ብለው ሲቆጡ አመሹና፣ በእረፍት ሰዓት ጉልበታቸውን ያሳከሙት በሜዲኬር፣ በመንግሥት የአረጋውያን የሕክምና መድን መሆኑን አጫወቱኝ። ስለ ስደተኞች ሲነሳ የቤቱ ድምፅ ተለወጠ። አንዱ ወደ እኔ ዞር ብለው «እንደ አንተ በሕግ የመጡትን ማለታችን አይደለም» አሉኝ። እንዴት እንደመጣሁ ግን የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብታዪ ግን እድር ነው የምትዪው። የመራጮች ስም ዝርዝር ወጣ፤ የትኛውን መንገድ ማን በር ለበር ይዞራል በሚለው ብቻ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ባዶ የቡና ጣሳ ዞረ። ገንዘብ ያዡ 84 ዶላሩን ጮክ ብሎ ቆጥሮ መዝገብ ላይ አሰፈረ፤ ልክ እንደ እኛ የእድር ጸሐፊ። ሊጥሉ ያሰቡት ኤሪክ ካንተርን ነው፤ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የብዙኃኑን ፓርቲ፣ የሪፐብሊካኖቹን መሪ፣ ለዘመቻው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣውን ሰው። በዚህ ጣሳ? ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

በፈረንጆቹ ጁን 10 ቀን 2014 ዴቭ ብራት የሚባል የኮሌጅ የኢኮኖሚክስ መምህር ካንተርን አሸነፈው። በዚያ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው በፓርቲው ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ምርጫ፣ ሲወድቅ ታይቶ አይታወቅም። ብራት 36 ሺህ፣ ካንተር ወደ 29 ሺህ ድምፅ አገኙ። በምርጫ ወረዳው ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል፤ እኔና እናትሽም አለንበት።

እኛ ባለንበት ግዛት በቨርጂኒያ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ የመራጭነት ምዝገባ ያለው ሁሉ በዚያ ቅድመ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል። ጎረቤታችን ሽማግሌው አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። እኔ በዕለቱ በታክሲዬ ተሳፋሪ ይዤ አንቺ በተማርሽበት ትምህርት ቤት፣ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ፣ ሁለት ጊዜ አለፍኩ።

በማግስቱ ሽማግሌው ኬክ ይዘው መጡ። «መረጥክ?» አሉኝ። እናትሽ ሻይ አፈላችላቸው።

አባትሽ