ነፃውን አንቲቫይረስ አታስጠፉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። የአማርኛ መምህርት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ባልደረቦቼ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው ትምህርት ቤት ይዘው መጡ። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት አንቲቫይረስ ተጭኗል። «ፉል ቨርዥን ነው፤ 600 ብር ጨምረን ነው ያስጫንነው» አሉኝ። ከፍቼ ሳየው ክራክ ነው፤ ማለትም የሚከፈልበት ፕሮግራም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተደረገ። ሆዴን ባር ባር አለኝ። ይህ ነገር እኔን ምን እንዳስከፈለኝ ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ2014 ክረምት የቤቴ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈብኝና በሚኒባስ ጭኜ ደብረ ብርሃን ወሰድኩት። የጥገና ሱቁን ስም አልጠራም። ልጁ ትሑት ነው፤ ሊጎዳኝም አላሰበም። «ቲቸር፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው አንቲቫይረስ ለስሙ ነው። የሚከፈልበትን በክራክ አስገባልዎታለሁ» አለኝ። ፎርማት አድርጎ፣ ጭኖ መለሰልኝ። እኔም አመስግኜ ሄድኩ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ነበር። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ቦታውን ለቆ ዳር ይይዛል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ማሽን ላይ እኩል ከሠሩ ይጋጫሉ፤ ኮምፒውተሩንም ያንቀራፍፉታል። ጥፋቱ በቦታው የገባው ነው። ክራኩ እንዳይታወቅ ተብሎ አፕዴቱ ተዘግቶ ነበር። አፕዴት የማያደርግ አንቲቫይረስ ደግሞ የሚያውቀው የአምናውን ሌባ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 2015 ላይ «ቁልፉ አልቋል» የሚል መልእክት መጣ። ያኔ 11ኛ ክፍል የነበረው ልጄ ሊረዳኝ ብሎ ኢንተርኔት ላይ አዲስ ክራክ ፈለገ። መመሪያው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። አጠፋው። ፋይሉን ሲከፍተው ዊንዶውስ አፕዴት እያደረገ እንደሆነ የሚያሳይ መስኮት ወጣ። ቡና አፍልተን ጠበቅን። መስኮቱ የውሸት ነበር። እኛ ስንጠብቅ ከጀርባ ፋይሎቻችንን አንድ በአንድ እየቆለፈ ነበር።

ከዚያ በኋላ የትኛውም ፋይል አልከፈት አለ። ስሞቻቸው ላይ የማይታወቁ ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል። መክፈቻው 980 ዶላር ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ካናገራችሁን ግማሹን፣ 490 ዶላር፣ ይላል። ግማሹ ብቻ በጊዜው በባንክ ዋጋ ከ26 ሺህ ብር በላይ ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ደብዳቤውን በስልክ ሳነብለት ወዲያው አወቀው። ስቶፕ፣ ወይም ዲጄቪዩ የሚባል ራንሰምዌር ነው፤ ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ማለት ነው። በብዛት የሚሰራጨው በክራክ ነው።

አልከፈልኩም። ብከፍልም ቁልፉን ይልኩልኛል ብዬ የምተማመንበት ነገር አልነበረም።

የዘጠኝ ዓመት የፈተና ጥያቄዎቼ ሄዱ። እነሱን እንደገና እጽፋቸዋለሁ። የእናቴ ድምፅ ግን እንደገና አይጻፍም። እናቴ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው ያረፈችው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ክረምቶች አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ባና አሠራር እጠይቃት ነበር። የበግ ፀጉር እንዴት እንደሚሸለት፣ እንዴት እንደሚባዘት፣ ሴቶቹ ሲፈትሉ ምን እያሉ እንደሚያንጎራጉሩ ትነግረኛለች። በስልኬ እየቀዳሁ ወደ ኮምፒውተሩ አዛውር ነበር። 14 ቅጂ ነበረኝ። ስልኬ ሲሞላ ከስልኬ አጠፋኋቸው። ሦስቱን ለእህቴ በቴሌግራም ልኬላት ስለነበር እነሱ ተርፈዋል።

ልጄን አልተቆጣሁትም። እናቱን ሊረዳ ነው የተነሳው። የሚያናድደኝ ያ ሁሉ ነገር የመጣው ሳያስፈልግ መሆኑ ነው። ቀድሞውኑ በነፃ የነበረኝን አስጠፍቼ፣ ገንዘብ ከፍዬ የባሰውን ገዛሁ።

ዲፌንደር ለስሙ አይደለም። ማግደቡርግ፣ ጀርመን ውስጥ ኤቪ ቴስት የሚባል አንቲቫይረሶችን የሚፈትን ተቋም አለ። በጥበቃ፣ በፍጥነትና በአጠቃቀም ለእያንዳንዳቸው እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል። ዲፌንደር ብዙ ጊዜ ሙሉ ወይም ለሙሉ የቀረበ ነጥብ ያገኛል። ፈተና ለሚጽፍ፣ ቴሌግራም ለሚከፍት፣ ፊልም ለሚያይ የቤት ሰው ይበቃል። ቁልፍ አይጠይቅም። ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ ነው የሚመጣው።

ሌላ ነፃ እፈልጋለሁ ለሚል የሩማንያው ቢትዲፌንደር ነፃ እትም አለው። ማልዌርባይትስም ነፃ ነው፤ ግን ነፃው ስትጠሩት ስካን አድርጎ ያጸዳል እንጂ ቀን ከሌት አይጠብቅም። እኔ በወር አንድ ጊዜ እንደ ሁለተኛ ሐኪም አሠራዋለሁ። አቫስት፣ ኤቪጂ፣ አቪራና ኖርተን ዛሬ የአንድ ኩባንያ ንብረት ናቸው። ሰው አንዱን ትቶ ወደ ሌላው ሲሄድ የተለየ ቤት የገባ ይመስለዋል። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ሲሸጥ ተገኝቶ በየካቲት 2016 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ነፃ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ማን እንደሠራውና በምን እንደሚኖር መጠየቅ ጥሩ ነው።

በርካሽ ስለሚሸጠውም አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብዙ ጊዜ ማባበያ ነው፤ በሁለተኛው ይጨምራል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ያ ካርድ ከእኛ ከመምህራን ስንቱ እጅ ይገኛል?

«ኢንተርኔት በሌለበት አፕዴት ከየት ይመጣል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው የእኔም ነበር። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሬ ያለ አፕዴት ቀረ። የወንድሜ ልጅ መላ አመጣልኝ። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን አፕዴት እንደ አንድ ራሱን የቻለ ፋይል በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀምጣል። ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት አለው፤ ለዊንዶውሳችሁ ዓይነት የሚስማማውን ነው የምትወስዱት። ኢንተርኔት ባለበት ከተማ አውርዶ በፍላሽ ይልክልኛል። ሁለቴ ክሊክ ነው፤ አለቀ። ሰው በመጣ ቁጥር አዲሱን አስልካለሁ። እንደ በየቀኑ አይሆንም፤ ከምንም ግን በብዙ ይሻላል። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሁሉ ይህን ለጎረቤቱ ሊያመጣ ይችላል።

ፍላሽ ካነሳሁ አይቀር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ምልክት) ሆነው ከታዩ አትንኳቸው። ሰው ደንግጦ «ቫይረስ በላው» ይልና ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ እዚያው አሉ፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። መጀመሪያ ፍላሹን በዲፌንደር ስካን አድርጉ፤ ከዚያ የሚያውቅ ሰው የተደበቁትን ያውጣላችሁ።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። የዲፌንደር የቫይረስ ዝርዝር አፕዴት ግን እንደ ፈረንጆቹ እስከ ጥቅምት 2028 ይቀጥላል ብሏል። ዲፌንደር ግን ራሱ ዊንዶውስ ላይ ያለውን ቀዳዳ አይደፍንም፤ ስለዚህ ማሽናችሁ ዊንዶውስ 11 የሚችል ከሆነ ቀይሩ።

ባልደረቦቼ ጋ ቁጭ ብለን ክራኩን አወጣን። ከዚያ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍተን «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን»፣ ማለትም ቀን ከሌት የሚጠብቀው፣ መብራቱን አየን። ራንሰምዌር መከላከያው ውስጥ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚል አለ። ሲመጣ የጠፋ ነው፤ እናንተ ናችሁ የምታበሩት። ሲበራ የማይታወቅ ፕሮግራም ዶክመንትና ፎቶ ፎልደሮቻችሁን እንዳይነካ ይከለክላል። አንዳንዴ ጤነኛ ፕሮግራምም ያግዳል፤ ያን ጊዜ እሱን ለይቶ መፍቀድ ነው። ሦስቱም ላይ አበራነው። አንዷ ባልደረባዬ የልጇን የክርስትና ፎቶ በሌላ ፍላሽ ገልብጣ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ጎበዝ አልኳት።

ዝግጅት ክፍላችሁን የምለምነው አንድ ነገር አለ። እነዚህን እርምጃዎች በአማርኛ፣ ከስክሪኑ ሥዕል ጋር፣ በአንድ ገጽ ብታወጡልን ቆርጠን መምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

የተቆለፉትን የእናቴን 11 ቅጂዎች አልደመሰስኳቸውም። በሌላ ዲስክ አስቀምጫቸዋለሁ። የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል ከሌሎች ጋር ሆነው ከ2008 ሐምሌ ጀምሮ የሚያስተዳድሩት ኖ ሞር ራንሰም የሚባል ድረ ገጽ አለ። የተገኙ መክፈቻዎችን በነፃ ይሰጣል። ለዲጄቪዩ የቆዩ ዓይነቶች መክፈቻ ወጥቷል፤ የእኔ ግን ከአዲሶቹ ነው። ኢንተርኔት ባገኘሁ ቁጥር ገብቼ አያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት
መሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ