የፑሉን ፊልተር አሸዋ ሳትቀይር ይህን አንብብ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው ብለውኝ ነበር፣ አሁን ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ተጠፋፍተን መልእክትህን ሳይ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገርህ። ዱባይ በጋ ላይ ሥራው ፋታ አይሰጥም። ከቪላ ቪላ ፑል ስንጠርግና ፊልተር፣ ማለትም የውሃ ማጣሪያውን፣ ስናጥብ እንውላለን፣ ማታ ስልክ ለማንሳት እንኳ ጉልበት አይተርፍም። ቢሆንም ከአገር ልጆች ጋር ሻይ ስንጠጣ ስምህ ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም።

ቢሾፍቱ ላይ የእንግዳ ማረፊያ፣ ያውም ባለ ፑል! ጊዮን ገብተን ለመዋኘት ሳንቲም እናጠራቅም ነበር እኮ። ኮራሁብህ። ለዚህም ነው የጻፍክልኝን ሳነብ ዝም ማለት ያቃተኝ።

ክሎሪን እየጨመርኩም ውሃው አልጠራ አለ፣ የምታሠራቸው ልጆች ደግሞ ከግንባታ የተረፈውን አሸዋ ነፍተን ፊልተሩ ውስጥ እንሙላው አሉኝ ነው ያልከው። እባክህ እንዳታደርገው። የፊልተር አሸዋ ዝም ብሎ አሸዋ አይደለም። ታጥቦ የደረቀ፣ በወንፊት ተለክቶ የወጣ የሲሊካ አሸዋ ነው፣ የፍሬው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ0.45 እስከ 0.55 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ከደቀቀ ከፊልተሩ ሥር ባሉት ቀጫጭን ክፍተት ባላቸው ቱቦዎች ሾልኮ ተመልሶ ፑሉ ውስጥ ይገባል። ከሸከረ ደግሞ ቆሻሻው በመሀሉ ያልፋል። የግንባታ አሸዋ ሁለቱም አለበት፣ በዚያ ላይ ጭቃ። የናንተ አካባቢ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አገር ስለሆነ አሸዋው ውስጥ ቀላል ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ሊቀላቀል ይችላል፣ እሱ ባክዋሽ ስታደርግ፣ ማለትም ውሃውን ወደ ኋላ መልሰህ አሸዋውን ስታጥብ፣ ከውሃው ጋር ተነስቶ ወደ ፍሳሹ ይሄድብሃል።

እኔ ያለሁበትን አገር ተመልከት። ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትል ዓይንህ እስኪታክት አሸዋ ነው፣ ግን አንድ እፍኝ እንኳ ፊልተር ውስጥ አንጨምርም። የበረሃው አሸዋ ንፋስ ሲያንከባልለው ስለኖረ ደቃቅና ድቡልቡል ነው። ለፊልተር የሚሆነው ጠርዝ ጠርዝ ያለው ፍሬ ነው፣ ቆሻሻውን የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ እዚህም በከረጢት የመጣውን እንገዛለን።

አዲስ አበባ የፑል ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ስትሄድ ከረጢቱ ላይ የፍሬው መጠን መጻፉን እይ። ካልተጻፈ ትንሽ ስጠኝና ልሞክረው በል። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረህ በደንብ አማስለውና አስቀምጠው። ውሃው ደፍርሶ ከቀረ ጭቃ አለበት። ሌላ ቁንጣሪ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት፣ ከፈላ ኖራ ነክ ድንጋይ ወይም ዛጎል አለው ማለት ነው፣ ተወው። የተፈጨ ብርጭቆም አለ፣ ጥሩ ያጣራል፣ ዋጋው ግን ከአሸዋው ይበልጣል። ለጊዜው አሸዋው ይበቃሃል።

ቆይ ግን። ከመግዛትህ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የአሸዋው ነው? የፊልተር አሸዋ እንደ አጠቃቀሙ አምስት፣ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል፣ የናንተ ደግሞ ገና አዲስ ነው። መጀመሪያ ፒኤቹን፣ የውሃውን የአሲድነት መጠን፣ ለካ። ከ7.2 እስከ 7.8 መሀል ካልሆነና ወደ ላይ ከወጣ ክሎሪኑ ጉልበት ያጣል፣ የቱንም ያህል ብትጨምር ገንዘብህን ነው የምታፈሰው። የምትጠቀሙት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለው ኖራ አሸዋው ላይ እየተጋገረ ያያይዘዋል። ፓምፑን አጥፍተህ፣ ግፊቱን አስተንፍሰህ ክዳኑን ክፈትና እጅህን አስገባ። አሸዋው ላላ ብሎ ከተበተነ ደህና ነው። እንደ ሊጥ ድብልብል ካገኘህ፣ ወይም የአሸዋው ፊት ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ካየህ፣ ውሃው በዚያ በኩል መንገድ አበጅቶ ሳይጣራ እያለፈ ነው። ጥቂት ከሆነ በእጅህ አፍርሰህ ረጅም ባክዋሽ ስጠው፣ ዘይትና የፀሐይ ቅባት ሲያያይዘው ደግሞ የፊልተር ማጽጃ ኬሚካል አለ። አሲድና ክሎሪን ግን በምንም መንገድ እንዳይገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ለልጆቹ ደጋግመህ ንገራቸው።

ፊልተሩ ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ፣ ጌጁን፣ ተማምኜበት ነው የምነግርህ። አሸዋው ንጹሕ በሆነ ቀን ስንት እንደሚያሳይ ግድግዳው ላይ ጻፈው፣ በፒኤስአይ 12 ከሆነ 20 ወይም 22 ሲደርስ ባክዋሽ አድርግ። በየቀኑ አታጥበው። ብዙ ሰው ንጽህና ነው ብሎ ያጥባል፣ ግን ትንሽ ቆሻሻ የያዘ አሸዋ አዲስ ከታጠበው የበለጠ ያጣራል፣ ውሃህም በከንቱ ይፈሳል። የውሃውን መንገድ የሚቀይረውን ቫልቭ ከማዞርህ በፊት ሁሌ ፓምፑን አጥፋ፣ ሳታጠፋ ካዞርከው የውስጡ ጎማ ይበላሻል። ባክዋሹ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ በቫልቩ ማያ መስታወት ውስጥ ውሃው እስኪጠራ፣ ከዚያ ወደ ሪንስ፣ ማለትም ወደ ማለቅለቂያው፣ አዙረህ ግማሽ ደቂቃ ያህል። ይቺን ሪንስ የምትዘል ከሆነ ቆሻሻው ተመልሶ ፑሉ ውስጥ ነው የሚረጨው፣ እና ምናልባት ያንተም ጣጣ ይሄ ብቻ ሊሆን ይችላል።

መቀየሩ ግድ ከሆነ ግን አሮጌውን በሙሉ አውጣ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እይ፣ የተሰነጠቀ ካለ አሁኑኑ ይቀየር። የመሀሉን ቧንቧ አፍ በጨርቅ ሸፍነህ፣ ፊልተሩን እስከ ግማሹ ውሃ ሞልተህ አሸዋውን ቀስ ብለህ አፍስስ፣ ያ ውሃ ቱቦዎቹ እንዳይሰበሩ ይከላከላል። ስንት ኪሎ እንደሚገባ ፊልተሩ ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ አትለፍ፣ ባክዋሽ ላይ አሸዋው የሚነሳበት ቦታ ይፈልጋል። የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፣ ስለዚህ ማስክ ለራስህም ለልጆቹም፣ ከረጢቱንም ውሃ ርጭ እያደረግህ ክፈት። ስታስነሳው መጀመሪያ ባክዋሽ፣ ቀጥሎ ሪንስ፣ ከዚያ ቫልቩን ወደ ማጣሪያ አዙረው።

የጌጁን ፎቶ ባክዋሽ ከማድረግህ በፊትና በኋላ አንስተህ ላክልኝ፣ የፒኤቹንም ቁጥር። ዓርብ ዕረፍት ነኝ፣ በቪዲዮ ደውልልኝና ክዳኑን አብረን እንክፈተው። እማማን ጉልበታቸውን ስምልኝ።

ያንተው ወንድም