የድሮ ኮሚክ ሽፋኖች ክርክር፦ የሥዕልና ንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ዕቅድ ነበረው። ዓመቱን ሙሉ የያዘን ግን አንድ ጥያቄ ሆነ። ከድሮዎቹ የአሜሪካ ሱፐርሂሮ ኮሚኮች ውስጥ ሽፋኑ ከሁሉም የሚበልጠው የትኛው ነው? ጥያቄውን ያመጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ባትማንን፣ ስፓይደርማንን፣ ብላክ ፓንተርን በፊልም የማያውቅ ልጅ ክፍሉ ውስጥ የለም። ጀግኖቹ መጀመሪያ የወጡበትን ሽፋን ግን ያየ አልነበረም። የሥዕል መምህር ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል አያገኝም። ሽፋኖቹን በከለር አትመን ግድግዳ ላይ ለጠፍናቸውና ክርክሩ ተጀመረ።

ሕግ ያስፈልግ ነበር። የምናየው ከ1938 እስከ 1975 የወጡትን ብቻ እንዲሆን ተስማማን (በዚህ ዘገባ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍኩት ካለ እጠቅሰዋለሁ)። ጀግናው ታዋቂ ነው ተብሎ ነጥብ አይሰጠውም። የገበያ ዋጋም አይቆጠርም። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 አንድ ቅጂው በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ ሲነገር ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ሲወጣ ዋጋው 10 ሴንት ነበር። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ግን የምንዳኘው ሥዕሉን ነው። ዋናው ሕግ ደግሞ ይኼ ነው፦ ሽፋኑ ከክፍሉ ጫፍ ሆኖ ለሚያየው ሰው በአንድ እይታ የሆነ ነገር መናገር አለበት።

ይኼን ሕግ ከራሳችን አላመጣነውም። ሽፋኖቹ የተሠሩት ለጋዜጣ መሸጫ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ላይ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ስማቸው ከላይ በትልቁ የሚጻፈው። አሳታሚው ማርቭል ደግሞ ከ1963 ጀምሮ በግራው ጥግ ትንሽ ሳጥን አድርጎ የጀግናውን ምስል ከተተበት። ሐሳቡ የሠዓሊው የስቲቭ ዲትኮ ነው። ልጆቹ ይኼን ካወቁ በኋላ ሽፋኖቹን ደራርበው እየያዙ «አሁን የቱ ይታያል?» ይባባሉ ጀመር። ጥሩ ልምምድ ነበር።

ብዙ ያከራከረን አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ነው። ሰኔ 1938 የሚል ተጽፎበታል፤ ሠዓሊው ጆ ሹስተር ነው። ሱፐርማን አረንጓዴ መኪና ከራሱ በላይ አንሥቶ ከቋጥኝ ጋር ያላትመዋል። መኪናው ይሰባበራል። ሰዎች ይሸሻሉ። በግራ በኩል ከታች ያለው ሰውዬ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ወደ እኛ ይሮጣል። የሱፐርማን ስም ሽፋኑ ላይ የለም። ምንም ማብራሪያም የለም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ እንዲህ አለች፦ «ቲቸር፣ እኛ ሱፐርማንን ስለምናውቀው ነው እንጂ ያን ጊዜ የገዛው ሰው ይኼ ሰውዬ ጀግና ይሁን ወንበዴ በምን ያውቃል?» ክፍሉ ዝም አለ። እውነቷን ነው። መኪናው ውስጥ የነበሩት ሴት የጠለፉ ሰዎች መሆናቸውን የሚያውቀው ገልጦ ያነበበ ብቻ ነው። ሽፋኑ ጥያቄ ይጥልና ጥሎን ይሄዳል። እኔ ስለ ሽፋን ሥዕል ብዙ ያስተማርኩ ቢሆንም እንደዚህ አጥርቶ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ስለ ሠሪዎቹም ተነጋገርን። ሹስተርና ጸሐፊው ጄሪ ሲገል የክሊቭላንድ ወጣቶች ነበሩ። የሱፐርማንን መብት ለአሳታሚው የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ባትማን በግንቦት 1939 ዲቴክቲቭ ኮሚክስ ቁጥር 27 ላይ ሲወጣ ደግሞ የቦብ ኬን ስም ብቻ ነበር የሚጠራው። አብሮት የፈጠረው ቢል ፊንገር በ1974 አረፈ፤ ስሙ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ተብሎ በይፋ መጻፍ የጀመረው በ2015 ነው። ልጆቹ በዚህ በጣም ተናደዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክበባችን ሥራ ሁሉ ላይ ሐሳቡን ያመጣው፣ የሳለውና ቀለም የቀባው ስም ለየብቻ ይጻፋል። ይኼን ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም። እነሱ ናቸው። የባትማኑ ሽፋን በደረጃችን ብዙም አልገፋም። በገመድ እየበረረ አንዱን ሰውዬ አንገቱን አንቆ መያዙ፣ ከጀርባው ያለው ቢጫ ሰማይ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ከሱፐርማኑ ጎን ሲሰቀል ይደበዝዛል።

ካፒቴን አሜሪካ ቁጥር 1 ሌላ ዓይነት ክርክር አመጣ። ጆ ሳይመንና ጃክ ኪርቢ የሠሩት ነው። ካፒቴኑ ሂትለርን በቡጢ አገጩን ይለዋል። ሽፋኑ ላይ ያለው ወር መጋቢት 1941 ቢሆንም መጽሔቱ ገበያ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 1940 ነው። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ የገባችው ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቆይታ ነው። ሁለቱም ሠሪዎች የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ናቸው፤ በዚህ ሽፋን ምክንያት ዛቻ ደርሶባቸዋል፤ የኒው ዮርክ ከንቲባ ላጋርዲያ ራሳቸው ከጎናችሁ ነኝ ብለዋቸዋል። ይኼን ስነግራቸው የታሪክ ክበብ አባል የሆነ አንድ ልጅ ወዲያው አያያዘው። በዚያው በመጋቢት 1941 ከረን ላይ ከጣሊያን ጋር ከባድ ውጊያ ነበር፤ ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡትም በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ለእኛ አገር ሰው ፋሺስትን መምታት ያን ጊዜ ሥዕል አልነበረም። ልጁ ይኼን ሲናገር ኩራቱ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ።

እንደ ሥዕል ስናየው ግን ሽፋኑ የተጨናነቀ ነው። የሚተኩሱ ወታደሮች አሉ። ግድግዳው ላይ ምስል የሚያሳይ ስክሪን አለ። የአሜሪካ ካርታና የተበታተነ ወረቀት አለ። ጥግ ላይ ደግሞ የካፒቴኑ ወጣት ረዳት ባኪ ሰላምታ ይሰጣል። ያም ሆኖ ዓይን የሚሄደው ወደ ቡጢው ነው። አንድ ተማሪ በክር ለካው። የጥይቶቹን መንገድ፣ የካፒቴኑን ክንድና የሂትለርን መውደቂያ አቅጣጫ በክር እያያያዘ አሳየን። በነገራችን ላይ በዚህ ሽፋን ላይ ጋሻው ክብ አይደለም። ክብ የሆነው ከሁለተኛው ዕትም ጀምሮ ነው፤ ሌላ አሳታሚ የእኔን ጀግና ይመስላል ብሎ ስለተቆጣ።

እኔ በግሌ አንደኛ የምለው በሩጫ ፍጥነቱ የሚታወቀውን ጀግና፣ ፍላሽ ቁጥር 123ን ነው፤ መስከረም 1961። ካርማይን ኢንፋንቲኖ ሳለው፣ መርፊ አንደርሰን በጥቁር ቀለም ጨረሰው። መሐል ላይ የጡብ ግድግዳ አለ። አንድ ሰው ላይ ብረት ሊወድቅበት ነው። ከግድግዳው በአንድ በኩል አዲሱ ፍላሽ፣ በሌላው በኩል ባለ ቆቡ የድሮው ፍላሽ ሊያድኑት ይሮጣሉ። እርስ በርስ አይተያዩም። ሁለቱንም የሚያየው አንባቢው ብቻ ነው። ስለዚህ ሽፋኑን ያየ ሰው ከጀግኖቹ በላይ ያውቃል፤ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቁም አይቀርም። አንዲት ተማሪ ከዐድዋ ሥዕሎች ጋር አነጻጸረችው። እዚያም የእኛ ሠራዊት በአንድ በኩል፣ ጣሊያን በሌላ በኩል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ መሐል ላይ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የምናየው እኛ ነን። የእኛዎቹ ሙሉ ፊታቸው ይታያል፣ ጠላት በጎን ነው የሚሳለው። ይኼ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጀምሮ የኖረ ልማድ መሆኑን ስናነሣ አንድ ሙሉ ስብሰባ እዚያው ላይ አለቀ። አልቆጨኝም።

ከመሐል የወላጆችም ጥያቄ መጣ። «ኮሚክ ልጅ አያሰንፍም ወይ?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ አሜሪካም ውስጥ በ1954 እስከ ሴኔት ደርሷል። አሳታሚዎቹ ኮሚክስ ኮድ የሚባል የራሳቸውን ቁጥጥር አቋቁመው ያለፈውን ዕትም ጥግ ላይ ማኅተም ያትሙበት ነበር። ልጆቹ ማኅተሙን በየሽፋኑ እየፈለጉ ዘመኑን መገመት ለመዱ። ማኅተም ከሌለውና ዋጋው 10 ሴንት ከሆነ የድሮ ነው። 12 ሴንት ካለ ስልሳዎቹ ውስጥ ነን። መጥተው ውይይቱን የሰሙ ወላጆች ያዩት የሚከራከሩ፣ ለሚሉት ምክንያት የሚያቀርቡ ልጆች ነው። ሌላ መልስ መስጠት አላስፈለገኝም።

የመጨረሻው ድምፅ አሰጣጥ ላይ አክሽን ኮሚክስ አንደኛ ወጣ። ፍላሽ በጥቂት ድምፅ ተበልጦ ሁለተኛ፣ ካፒቴን አሜሪካ ሦስተኛ። አራተኛው የጆን ሮሚታ ስፓይደርማን ቁጥር 50 ነው፤ ፒተር ፓርከር (ስፓይደርማን ጭምብሉን ሲያወልቅ ያለው ሰው) አንገቱን ደፍቶ ይራመዳል፣ ከኋላው ግዙፉ ስፓይደርማን ጀርባውን ሰጥቶ ይርቃል። ቡጢ የለም፣ ፍንዳታ የለም። የ12ኛ ክፍሎች በሙሉ የመረጡት ይኼንን ነው። ማትሪክ ደርሶባቸው ስለነበር ይገባኛል። ብላክ ፓንተር የወጣበት ፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 52 አምስተኛ ሆነ። ለጀግናው ያለው ፍቅር ትልቅ ነበር፣ ሕጉ ግን አልፈቀደም። የ1975ቱ ግዙፉ የኤክስ-ሜን ዕትም፣ አዲሶቹ ጀግኖች የድሮዎቹን ሥዕል ቀደው የሚወጡበት፣ ከዚህ በላይ ይገባው ነበር። ኬንያ ውስጥ ትኖር የነበረችው ጀግና ስቶርም መጀመሪያ የታየችው እዚያ ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እከራከርለታለሁ።

ከዚያ የራሳችንን ሽፋን ሠራን። የተፈቀደው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ጥቁር ፖስተር ከለር ብቻ ነው፤ የድሮዎቹ ማተሚያ ቤቶችም ሁሉንም ያወጡት በአራት ቀለም ነበርና። በመጀመሪያው ንድፍ የጨረሰ የለም። ስፓይደርማን መጀመሪያ ለወጣበት ዕትም ዲትኮ የሳለው ሽፋን ውድቅ ተደርጎ ኪርቢ በአዲስ መልክ እንደሳለው፣ ዲትኮ ደግሞ ያንኑ በጥቁር ቀለም እንዳጠናቀቀው ነግሬያቸው ስለነበር እንደገና መጀመሩ ማንንም አላስከፋም። ከሁሉም ልቤ ውስጥ የገባው ስለ ሱፐርማን ያን ጥያቄ የጠየቀችው ልጅ ሥራ ነው። ጀግና የሚባል አልሳለችም። የታክሲ ተራ ነው። ረዳቱ፣ ጀብሎው ልጅ፣ ዣንጥላ የያዙ እናት፣ ሁሉም ወደ ላይ አንጋጠዋል። ረዳቱ የተቀበለው ብር ከእጁ እየወደቀ ነው። የሚያዩት ነገር ከሽፋኑ ውጪ ነው። ርዕሱን በግዕዝ ፊደል ከላይ በቀይ ጽፋዋለች። በወላጆች በዓል ቀን ሰው ሁሉ እዚያ ጋ እየቆመ «ምንድን ነው ያዩት?» ሲል ነበር።

በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣውን «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ የሱፐርሂሮ ኮሚክ ካወቁ ወዲህ ልጆቹ ሽፋን ብቻ ሠርተው መቆም አልፈለጉም። በሚቀጥለው ዓመት ከሽፋኑ በኋላ ያለውን ገጽ ይሠራሉ። ጽሑፉን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ሊያግዘን ተስማምቷል። አሥሩ የተመረጡ ሽፋኖችና የተማሪዎቹ ሥራዎች እስከ ክረምቱ ድረስ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ይቆያሉ። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ መሳል የማይችልም ይመጣል፣ የሚከራከር ሰው ያስፈልገናል።