በእጄ ያልሠራሁት ሥራ በማኅተም ጸድቋል፦ ለሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በሥልጠና መዝገቤ ላይ ያልሠራሁት ሥራ እንደተለማመድሁት ተደርጎ ስለመፈረሙ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በአካል ቀርቤ አመልክቻለሁ። ማመልከቻዎቼ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆነው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ መልስ ግን እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድሁት ለዚህ ነው።

የመጣሁት ከመንዝ ነው። እናቴ በጎቿን ሸጣ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታልኝ፣ በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ሙያ እስከ ደረጃ 4 ሠልጥኛለሁ። የኮሌጃችን ወርክሾፕ ለሁላችንም እንደማይበቃ አሠልጣኞቻችን አልደበቁንም፤ «ሙያውን በእጃችሁ የምትይዙት በትብብር ሥልጠናው፣ ድርጅት ውስጥ ተመድባችሁ በምትለማመዱበት ጊዜ ነው» ይሉን ነበር። እኔም ይህንኑ አምኜ ወደተመደብሁበት ድርጅት ሄድሁ።

በዚያ ድርጅት ሦስት ወር ሙሉ የሠራሁት ሰነድ ፎቶኮፒ ማድረግ፣ ደብዳቤ መተየብና ከቢሮ ቢሮ ፋይል ማመላለስ ብቻ ነው። የሰርቨር ክፍሉ ለሠልጣኝ ተከፍቶ አያውቅም። አንድ ቀን የኔትወርክ ባለሙያው ለአዲስ ቢሮ ኬብል ሊዘረጋ ሲመጣ አብሬው እንድሠራ ብለምን፣ የክፍሉ ኃላፊ «የሚተየበውን ማን ሊሠራልን ነው?» ብሎ ወደ ወንበሬ መለሰኝ። በመጨረሻው ሳምንት ግን በሥልጠና መዝገቤ ላይ ኬብል መዘርጋት፣ ራውተር ማዋቀርና ብልሽት መፈለግ በሚሉት ረድፎች ሁሉ ትይዩ «ተለማምዳለች» ተብሎ ተፈረመ፤ ማኅተምም አረፈበት። አንዱንም አልሠራሁም ብዬ ብናገር፣ ካልፈለግሽ ማኅተሙ ይቅርብሽ ተባልሁ። ሥልጠናውን እንዲከታተል የተመደበው ባለሙያም በሦስቱ ወር ውስጥ አንድ ቀን ብቻ መጥቶ፣ እኔን ሳያነጋግር የክትትል ቅጹን ፈርሞ ሄዷል።

የሙያ ብቃት ምዘና ላይ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ተግባር የኔትወርክ ኬብል ጫፍ ማሰር ነበር። የስምንቱን ሽቦዎች ቅደም ተከተል ከነጭ ብርቱካናማ እስከ ቡናማ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ማገናኛውን ከኬብሉ ጫፍ ጋር የሚያስረውን መሣሪያ፣ ክሪምፐርን ግን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ሁለት ማገናኛ አበላሽቼ ሦስተኛውን ስሞክር፣ የኬብል መሞከሪያው 3ኛና 6ኛ መብራት ሳይበራ ቀረ። እነዚያ ሁለት ሽቦዎች ካልተገናኙ ኮምፒውተሩ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ ከሚያገናኘው ስዊች ጋር እንደማይነጋገር፣ ለምን እንደማይነጋገርም ጭምር ለመዛኙ ማስረዳት እችል ነበር፤ የሚመዘነው ግን የእጅ ሥራ በመሆኑ «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ውጤት ተሰጠኝ። በመዛኙ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ያየውን ነው የጻፈው። ቅሬታዬ ያላዩትን በፈረሙት ላይ ነው።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ ለማጅ ሲደነግግ፣ ውሉ የሥልጠናውን ዓይነትና የሚቆይበትን ጊዜ፣ ክፍያውንና የሥራውን ሁኔታ እንዲገልጽ ያዛል። እኔ የፈረምሁት ውል አልነበረም፤ ይዤ የሄድሁት የምደባ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ በእሱም ላይ ምን እንደምማር የሚናገር አንድም መስመር አልነበረበትም። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ ለማሠልጠን አገር አቀፍ እንቅስቃሴ ሲደረግ፣ ተመዝገቡ የሚለው ጥሪ እኛም ዘንድ ደርሷል። በኢንተርኔት መማር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የተቆረጠን ኬብል በኢንተርኔት ማሰር አይቻልም።

የምጠይቅዎ የሥልጠና መዝገቤ እንዲመረመር፣ የፈረሙትም ሰዎች እኔ ባለሁበት እንዲጠየቁ፣ እውነተኛ ሥራ በሚሠራበት ቦታ ለአንድ ወር ተመድቤ ዳግም ያለ ክፍያ እንድመዘን ነው። ከእኔ ጋር በየድርጅቱ ተመድበው የነበሩ ጓደኞቼም የመዝገባቸው ገጽ ከእኔ የተለየ እንዳልሆነ ነግረውኛል፤ እነሱም ይጠየቁ።

መዝገቡ በእጄ ነው። የፊታችን ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት እሱን ይዤ ከቢሮዎ በር ላይ እገኛለሁ።

አመልካቿ፣ ከደብረ ብርሃን